ኖር

መምህርቷ የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና የምትሰጠው ከሳሎኗ ሆና በዙም ነው። የራሷን መልክ ማየት ስለማትወድ ከስክሪኑ ደብቃዋለች፤ የሠልጣኞቹንም ድምፅ ትዘጋለች።

ዛሬም እያስረዳች ሳለ ሁሉም ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። እንዲህ ማድረግ ከጀመሩ ሰንብተዋል።

«ምንትዋብ፣ እስቲ ድምፅሽን ክፈቺ» አለች ተናዳ። «በማን ላይ ነው የምታሾፉት?»

«ኧረ አላሾፍንም ቲቸር!» አለች ሠልጣኟ ደንግጣ። «አባትዎ ከኋላዎ ሲገቡ እንዴት ቁጭ ብለን እንያቸው? ኖር እያልን እኮ ነው።»

መምህርቷ አባቷን ከቀበረች ወዲህ የምትኖረው ብቻዋን ነው። ዞር ብላ ለማየት አንገቷ እምቢ አላት።

ምንትዋብ እንደገና ብድግ አለች። «ኖር፣ አባባ!»

«በእግዜር ልጄ፣ ተቀመጪ» አለ ከመምህርቷ ጀርባ የምታውቀው ድምፅ።