የባሮኑ ጣት

አስታማሚዋ ሸዋገነት የሽማግሌውን ባሮን ያበጠ ጣት ሳሙና ቀብታ የማኅተም ቀለበታቸውን ለማውጣት ትታገል ነበር። ጣቱ መጥቆር ጀምሯል። ባሮንነት፣ ይህ የመኳንንት ማዕረግ፣ በጀርመን ሕግ ከስም ያለፈ ዋጋ ካጣ ቢቆይም፣ ቤተሰቡ ማዕረጉን ከነቀለበቱ እስከ ዛሬ ከወንድ ለወንድ ያወርሳል። ስለዚህ ወራሹ፣ የባሮኑ የወንድም ልጅ፣ ከአልጋው አጠገብ ቆሞ መዳፉን ይዘረጋል፣ መልሶ ያጥፋል።

«ቀለበቱን እንዳትቆርጪው!» አላት። «የሦስት መቶ ዓመት ታሪክ ነው።»

«የአባባ ጣት ቢቆረጥ ይሻልሃል?» አለች የባሮኑ ልጅ፣ ከመስኮት እስከ በር እየተንጎራደደች። ሴት በመሆኗ ቀለበቱን አንድ ቀን እንኳ አጥልቃው አታውቅም።

«አይዞዎት ጌታዬ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አለች ሸዋገነት። ክር በቀለበቱ ሥር አሹልካ ጣታቸውን እስከ አንጓው አጥብቃ ጠመጠመች። ከዚያ ክሩን ከሥር በኩል ቀስ እያለች ስትፈታው ቀለበቱ እየተከተለ መጣና አንጓውን አልፎ ወጣ። ወራሹ ከእጇ መንትፎ አጠለቀው።

ባሮኑ ባዶ ጣታቸውን ትክ ብለው አዩት። ቀለበቱ የነበረበት ቦታ ነጥቶ ሰርጉዷል። ሸዋገነት ሊያለቅሱ ነው ብላ ሰጋች። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ።

«እስቲ እከኪልኝ» አሉ። «አባቴ ከሞተ ጀምሮ እንዳሳከከኝ ነው።»

ልጅቷ እንባዋ እየወረደ፣ እየሳቀችም አከከችላቸው። ሸዋገነት ቀና ስትል ወራሹ በሩ ጋ ደርሷል፤ ቀለበቱን ጣቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ያዟዙረው ነበር።