ሽንኩርት የበዛበት ቤት

አልጣሽ እንባዋ ሲመጣባት ሮጣ ሽንኩርት ታነሳለች። ግድግዳው ላይ የተተከለው የመንግሥት ዓይን እንባ ባየ ቁጥር «ምክንያት?» ብሎ ይጠይቃል፤ መንግሥት ለወሰደው ሰው ማልቀስ ክልክል ነው። ሽንኩርት እየከተፉ ማልቀስ ግን ገና አልተከለከለም።

ልጇ ናሁሰናይ እስር ቤት ሞተ ከተባለች ወዲህ ለቅሶ የደረሳት ሰው የለም። ከትፋ ከትፋ ማቀዝቀዣው ሞልቷል፤ የሚበላው ግን የለም።

ዛሬ ከሰዓት በሩ ሲንኳኳ ክው አለች። እየፈራች ከፈተች። ከታች ፎቅ የሚኖሩት እትዬ የሺመቤት ቢላዋና ሽንኩርት ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው የሕንጻው ሴቶች ደረጃውን ሞልተውታል፤ ሁሉም ሽንኩርት ይዘዋል።

«እናግዝሽ ብለን ነው ልጄ» አሉ እትዬ የሺመቤት፣ ግድግዳውን በጎን እያዩ።

ገብተው ወለሉ ላይ ተቀመጡና መክተፍ ጀመሩ። የሁሉም እንባ ወረደ።

«ምክንያት?» አለ ግድግዳው።

«ሽንኩርት!» አሉ ባንድ ድምፅ።

ደግሞ ጠየቀ፤ ደግመው መለሱ። አልጣሽ በመጡበት እግራቸው በተመለሱልኝ፣ በእኔ ጦስ ማን ይወሰድ ይሆን እያለች ጆሮዋን ወደ ደረጃው ጣለች።

እትዬ የሺመቤት ቢላዋቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። ሽንኩርቱንም ገፋ አደረጉት። እንባቸው ግን አልቆመም።

«ምክንያት?»

«ናሁሰናይ» አሉ፣ ቀና ብለው እያዩት።

ጎናቸው ያለችውም ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ናሁሰናይ።» ቀጥላ ሌላዋ፣ ከዚያም ሁሉም።

አልጣሽም ቢላዋዋን ለቀቀችው። ባዶ እጇን አነሳችና ደረቷን መታች።

«ልጄን!»