ለፈረንጁ የተጻፈ ማመልከቻ

«ቀጥል» አለ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ብዕሩን ቀለም እያስነካ። «ፈረንጁ የት እንደሠራህ አይጠይቅም፤ ምን እንደምትችል ነው ማወቅ የሚፈልገው። ማገር ማሰር ብለሃል። ሳንቃ መጥረብ ብለሃል። ሌላስ?»

ሽፋ ከወልቂጤ ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ ከማመልከቻ ጸሐፊው ጠረጴዛ ፊት ቆሟል። ትምህርት ቤት የሚያሠራው ፈረንጅ አናጺ ይቀጥራል ሲባል ሰምቶ ነው ከቸሃ በእግሩ የመጣው። ሚስቱ ዘይባ ስትሸኘው «አናጺ ነኝ በል፤ ከዚያ አትለፍ» ብላ አደራ ብላዋለች። ግን ዕድሜውን ሙሉ ምን ትችላለህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረምና አፉ ልቡን ቀደመው።

«ምሰሶ አቆማለሁ» አለ። «ዛፉን ራሴ መርጬ፣ ራሴ ጠርቤ አቆማለሁ። እኔ ያቆምኩት ቤት አንድም አላዘነበለም።»

ብዕሩ ቆመ። ጸሐፊው የጉራጌ ልጅ ነው፤ በዚያ አገር የቤት ምሰሶ የሚያቆሙት እነማን እንደሆኑ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ፉጋ የሚባሉት ናቸው፤ ቤቱን ያቆማሉ፤ ሲያልቅ ግን ከሰው ስለማይቀላቀሉ ምግባቸው ደጅ ላይ በእንሰት ቅጠል ይሰጣቸዋል።

«ፉጋ ነህ?» አለ ወንበሩን ወደ ኋላ እየገፋ። «እስካሁን ጠረጴዛዬን ተደግፈህ!»

«አናጺ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ሙያ በልብ ነው ሲባል አልሰማህም? ይህን ለፈረንጁ የሚያነብለት አስተርጓሚው ወልደአማኑኤል ነው፣ የእኛው አገር ሰው። ምሰሶ የሚለውን ሲያይ ቀዶ ይጥለዋል።»

ርኅራኄ እንዳይመስላችሁ። የጻፈው ወረቀት ተቀዶ የራሱ ስም በከተማው በክፉ እንዳይነሳ ፈርቶ ነው።

ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ከሽፋ ፈቀቅ ብለዋል። ወረቀቱን ነጥቆ ሊሄድ ቃጣው። ግን በመንደሩ ሰው ሁሉ ወደ ቆርቆሮ ቤት ዞሯል፤ ማረስ ደግሞ ለእሱ ወገን አልተፈቀደም። ይህ ሥራ ካመለጠው ልጆቹን በምን ያሳድራቸዋል?

«እሺ፣ ይሰረዝ» አለ።

ምሰሶው ተሰረዘ። ጸሐፊው በዚህ አላበቃም፤ «ማገሩም ያስጠረጥራል» ብሎ እሱንም ሰረዘ። ሳንቃው ተከተለ። ከዚያ በአዲስ ወረቀት ገልብጦ አነበበለት፦ «ጤናማና ጉልበተኛ ስለሆንኩ የታዘዝኩትን ሁሉ በትሕትና እፈጽማለሁ።»

«ሌላስ?» አለ ሽፋ።

«ሌላ የለም።»

«ይህንንማ አህያም ይችለዋል» አለ ሽፋ። ከኋላው አንድ ሰው ሳቀ። «መጀመሪያ ያልኩትን ይጻፉልኝ። ምሰሶውን ከሁሉ በላይ ያድርጉት።»

«አስተርጓሚው ያባርርሃል እኮ፣ አንተ ደንቆሮ!»

«ያባርረኝ። ሲያባርረኝ ግን ምን የሚችል ሰው እንዳባረረ ይወቅ።»

ጸሐፊው እያጉረመረመ ጻፈ። የጃንሆይ መልክ ያለበትን ቴምብር ለጠፈ። ሌላ ጊዜ መጻፍ የማይችል ባለጉዳይ ሲመጣ አውራ ጣቱን ይዞ ቀለም ላይ የሚያስነካው እሱ ነበር፤ አሁን የቀለሙን ቆርቆሮ በብዕሩ ጫፍ ወደ ሽፋ ገፋው። ሽፋ ራሱ ነክሮ ፈረመ።

የተጻፈው እሱ ያለው መሆኑን ግን በምን ይወቅ? በዚህ ሰው እምነት የለውም። ወረቀቱን ይዞ ወደ ተሰለፉት ዞረ።

«ማንበብ የሚችል አለ?»

አንድ መነጽር ያደረገ ነጋዴ አንገቱን አሰገገ። ሽፋ ሊሰጠው ሲጠጋ ሰውየው ወደ ኋላ አለ።

«እዚያው ሆነህ ያዘው» አለ ነጋዴው።

ሽፋ ወረቀቱን በሁለት እጁ ዘርግቶ ደረቱ ላይ ያዘው።

«ምሰሶ ማቆም እችላለሁ ይላል» አለ ሰውየው። ድምፁ የወፍራም ሰው ድምፅ ነውና እስከ ፍርድ ቤቱ ደጅ ተሰማ። ባለጉዳዩ ሁሉ ዞሮ አየ።

ሽፋ ወረቀቱን አላወረደም።