«ከልብህ ነው?»

ሐኪሙ ኩላሊት ሰጪን ለብቻው ሳያነጋግር ቢላ አያነሳም። በር ዘግቶ «ከልብህ ነው?» ይለዋል፤ መልሱንም በጽሑፍ ያስቀራል። ሰውየው ከፈራ ሐኪሙ ይወጣና ለቤተሰቡ «አልገጠመም» ይላል። ገመናው ተሸፍኖ ይቀራል።

እናትየው ይህን ታውቃለች። አሥራ ሁለት ዓመት የሆስፒታሉን ኮሪደር ወልውላለች፤ መጥረጊያ የያዘችን ሴት ማን ልብ ይላል?

ታማሚው የበኩር ልጇ ነው፤ መምህር። አባት ሲሞት ታናሹን ያሳደገ፣ እሷንም በስተርጅና ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው። ሰጪው ታናሹ ነው፤ ጎማ ጠጋኝ፣ ወሬው ሁሉ ፌዝ። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ሰባት ወሯ ነው።

«አንተ፣ ከልብህ ነው?» አለችው እናቱ የሐኪሙ ክፍል በር ላይ።

«እማዬ፣ የተፈለገው ኩላሊት! ልብ እዚህ ምን ቤቱ ነው?» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ግንባሩ ላይ ያለውን ላብ አይታለች።

ታናሹ ገብቶ ወዲያው ወጣ። ሐኪሙ ደግሞ ወደ ታማሚው ክፍል አለፈ፤ በሩን ዘግቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ መነጽሩን አውልቆ ነበር።

«አዝናለሁ፤ አልገጠመም» አለ።

ታናሹ ግድግዳውን በቡጢ መታው። «እንደገና መርምሩኝ!» እያለ ጮኸ። እናትየው አየችውና አንገፈገፋት። ፈርቶ ሲያበቃ ደግሞ ማስመሰሉ!

መምህሩ በአምስተኛው ሳምንት ሞተ። ከቀብር ሲመለሱ እናትየው ደጃፏ ላይ ቆማ ታናሹን አገደችው።

«ወንድምህን ገድለህ እዚህ ቤት አትገባም።»

«እሺ ብያለሁ እኮ! ወንድሜ ይሙት፣ ከልቤ ነበር!» ከልማድ አፉ ላይ የመጣለት መሐላ ነው።

«ሞቷል» አለችውና በሩን ዘጋች።

የልጅ ልጇ ሲወለድ አልሄደችም። ዳዴ ሲልም አላየችውም። ታናሹ በየሳምንቱ እየመጣ ያንኳኳ ነበር፤ በኋላ እሱም ተወው። ሚስቱንና ልጁን ይዞ አገር ለቀቀ፤ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ።

በዓመቱ የሟቾች ፋይል ወደ መጋዘን ሲዛወር ሸክሙ ለጽዳት ሠራተኞች ደረሰ። ከእናትየው እጅ አንዱ አምልጦ ወደቀና ተበተነ። ከወረቀቶቹ መሃል አንዱን ከሩቅ ለየችው፤ ፊደል የለየችበት፣ ቀጥ ቀጥ ያለ የመምህሩ እጅ ጽሑፍ ነበር። ተንበርክካ አነበበችው።

«የወንድሜን ኩላሊት አልቀበልም፤ ልጁን ያሳድግበት። ከልቤ ነው። ለእማዬ ግን አልገጠመም በሏት።»