ቶላኒ የሳለችው ጋኔን

ቀነዓ የባርቤኪውን ጋዝ ከፍቶ እሳቱን ሲለኩስ፣ እትዬ ማንተግቦሽ "በኢየሱስ ስም!" እያሉ ጓሮውን ይዞሩታል። የስደት ሰፈራቸው የታርኔት ነፋስ ነጠላቸውን ሊነጥቃቸው ይታገላል። ሌላ ቅዳሜ ቢሆን በዚህ ሰዓት ጓሮው ጥብስ ጥብስ ይሸት ነበር። ዛሬ ግን የሚጠበሰው ሰይጣን ነው።

ሰይጣኑ ፕላስቲክ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። ቶላኒ በጥቁር ቀለም ስላ በክር የሰፋችው መጽሐፍ ነው፤ ቃል የለውም፣ ሥዕል ብቻ። ቀነዓ ከሌሊት ሺፍት ተመልሶ፣ ባለ መስመሩን የሥራ ሰደርያ እንኳ ሳያወልቅ፣ ክፍሏን ቫኪዩም ላድርግላት ብሎ ገባና አልጋዋ ላይ አገኘው።

ገለጠው። መጀመሪያ ላይ አንዲት ልጅ አፉን ከፍቶ ከሚስቅ ሰውዬ ጋር ቁጭ ብላ ትበላለች። ገጹ በተገለጠ ቁጥር ልጅቷ ትበላሻለች፦ ክንዷ ይጠቁራል፣ ቀንድ ታወጣለች፣ ሰይፍ ታነሳለች። መጨረሻው ላይ ቤት ከኋላዋ እየነደደ ከጋኔን ጋር ትጨባበጣለች። ፊቷ ደግሞ ቁርጥ ቶላኒ! አንድ ልጁ ናት። እዚያው አልጋዋ ላይ አለቀሰና ለጸሎት ቤታቸው እናት፣ ለእትዬ ማንተግቦሽ ደወለ።

ቀነዓ መጽሐፉን ከጠረጴዛው ሲያነሳ የጎን በሩ ተከፈተ። ቶላኒ ከካርልተን፣ ሥዕል ከምትማርበት ዩኒቨርሲቲ፣ ቦርሳዋን አንግታ መጣች። እሳቱን አየች፤ መጽሐፉን በአባቷ እጅ አየች።

"ዳድ፣ ስቶፕ! ኮፒ የለኝም! ዓመት ሙሉ የሠራሁት ነው!"

ቃሏን ሳትጨርስ እትዬ ማንተግቦሽ የጸሎት ዘይታቸውን አናቷ ላይ አፈሰሱት። "ልቀቃት! አሁኑኑ ልቀቃት!"

"እትዬ፣ እኔ ደህና ነኝ" አለች፣ ዘይቱ በአፍንጫዋ እየወረደ።

"እሱ ነው ደህና ነኝ የሚያሰኝሽ!"

"ማንጋ ነው እኮ! የጃፓኖች የሥዕል ታሪክ!"

"የሀገራችን መች አነሰንና የጃፓን ሰይጣን!"

ቀነዓ ወደ እሳቱ አንድ እርምጃ ቀረበ። "መጨረሻውን አይቼዋለሁ፣ ልጄ" አላት። "እጇን ለሰይጣን ሰጥታ ቀረች። አንቺን ከማጣ ወረቀቱ ይቃጠል።"

ቶላኒ ቀና አለች። "መጨረሻው ምንድነው ያልከው?"

"ከጋኔኑ ጋር ትጨባበጣለች።"

ዘይት በዘይት እንደሆነች ሳቋን ለቀቀችው። "ዳድ፣ እሱ እኮ መጀመሪያው ነው! ማንጋ ከቀኝ ነው የሚጀመረው። ከጀርባው አንብበኸው ነው!"

እትዬ ማንተግቦሽ የተነሳ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ጅዳ ዐሥር ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። "ልክ ናት" አሉ፣ "ዐረቦቹም መጽሐፋቸውን በዚያ በኩል ነው የሚጀምሩት። እስቲ ወዲህ በለው።"

ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ በቀኝ በኩል ገለጡ።

"ቤቷን አቃጠሉባት... አባቷም እሳቱ ውስጥ ቀረ? ወይኔ ልጄን! እና ለበቀል ብላ ከዚህ ጋኔን ጋር ተዋዋለች። አይ፣ የኔ ሞኝ!"

"ከዚያማ፣ እትዬ..."

"ዝም በይ፣ እንዳትነግሪኝ!"

ገጹ ተገለጠ። ክንዷ ሲጠቁር እትዬ ማንተግቦሽ የራሳቸውን ክንድ ያሻሉ። ልጅቷ ቤቷን ያቃጠለውን ሰው አንበርክካ ሰይፏን ስታነሳ ብድግ አሉ። "አትግደዪው! አትግደዪው ብዬሻለሁ! በቀል የጌታ ነው!" የጎረቤት ውሻ መጮህ ጀመረ። በሚቀጥለው ገጽ አባቷ በሕይወት ኖሮ ከጭሱ ውስጥ እየተጣራ ብቅ አለ። ሰይፉ ወደቀ። ቀንዱ ተነቅሎ ወደቀ። ክንዷ ጠራ።

"ሃሌ ሉያ! ወጣላት!" እትዬ ማንተግቦሽ ጓሮው መሃል እልል አሉ። "ወንድም ቀነዓ፣ ይሄ እኮ ምስክርነት ነው! ምስክርነት ልናቃጥል ነበር! እሁድ ለወጣቶቹ ታሳያለች።"

መጽሐፉን በመጨረሻው ገጽ እንደተከፈተ ሰጡት። ቀነዓ በሁለት እጁ ተቀበለ። ጠዋት አይቶት የነበረው ሰውዬ አሁንም ከልጁ ጋር ተቀምጦ ይስቃል። ባለ መስመር የሥራ ሰደርያ ለብሷል። ፊት ለፊት አንድ ጥርስ ጎድሎታል።

ቀነዓ ምላሱን ወደ ጎደለው ጥርሱ ሰደደ። ያ ጥርስ ከወለቀ ጀምሮ ሲስቅ አፉን በመዳፉ ሳይሸፍን ቀርቶ አያውቅም፤ ለዚህ ነው ጠዋት ራሱን ያልለየው።

"እንዲህ ስስቅ የት አይተሽኝ ነው?" አላት።

"አይቼህ አላውቅም" አለች ቶላኒ። "ማየት ስለምፈልግ ነው የሳልኩት።"

መጽሐፉን ወደ ደረቱ አስጠጋው።

"ኧረ እሳቱ በከንቱ ነደደ!" አሉ እትዬ ማንተግቦሽ ከባርቤኪው በኩል። "እዚህ ቤት ሥጋ የለም? ሰይጣኑ እንደሆን አመለጠን!"

ቀነዓ ሳቁ መጣበት። እጁን ወደ አፉ ሊወስድ አለና፣ ሁለቱም እጆቹ መጽሐፉን ይዘዋል።