ካርድ የሌለው ሰው የሚያየው

ላፕቶፑን ጣቶቹ ላይ ልዘጋበት ምንም አልቀረኝም።

«ርዕሱን ቀይረው አልኩህ እኮ! አሁኑኑ!»

«ማናንግ፣ ቀስ በይ እንጂ» ይላል ታናሽ ወንድሜ ዳርዊን፣ አፉን ሩዝ ሞልቶ፤ ታላቅ እህቱን ማናንግ ነው የሚለው። «ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ስቆበታል። ይኼ ብሎግ እንዲህ ተሳክቶለት ያውቃል?»

ደሜ ይፈላል። ትናንት በመርዝ የቀላውን የባሕሩን ውሃ መርምሬ ጽሑፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ታሆንግን፣ ያንን ጥቁር የባሕር ዛጎል፣ ከነቅርፊቱ ቀቅሎ የማይበላ ቤት በመንደራችን የለም፤ መርዙ ደግሞ ቢቀቀልም አይጠፋም። ርዕሱንም ጽፌለት ነበር፤ «ታሆንግ ተመርዟል፣ አትብሉ» ብዬ። እሱ ሆዬ የኔን አውጥቶ ጥሎ የራሱን ለጠፈ፤ «ባሕራችን ማንን አይታ ነው ፊቷ የቀላው?»

«ያንቺ ርዕስ የቀበሌ ማስታወቂያ ነው» ይለኛል። «ያንን ‹የመረብ ቀዳዳ ልክ› ያልሽውን ስንት ሰው አነበበው? ስድስት። አንዷ አንቺ ነሽ። ሰው እንዲከፍተው መጀመሪያ መሳቅ አለበት።»

«በምን ካርድ ነው የሚከፍተው?»

እዚህ ግማሹ ሰው ካርድ የሚሞላው ለበዓል ነው። ካርድ በሌለው ስልክ የሚታየው ርዕሱ ብቻ ነው፤ ጽሑፉም ፎቶውም አይከፈትም። የምትስቀዋን ቢጫ ፊት መጫን ግን ነፃ ነው። ይኼን የነገረኝ ራሱ ዳርዊን ነው፣ ብሎጉን የጀመርን ቀን።

«ማኖንግ ኤልፒዲዮ ሆስፒታል ገብቷል» እለዋለሁ።

ማንኪያው አየር ላይ ይቀራል። እንደ ታላቅ ወንድም «ማኖንግ» የምንለው ኤልፒዲዮ ጎረቤታችን ነው። ዳርዊንን ዋና ያስተማረው፣ ጀልባው ላይ አስቀምጦ ያሳደገው እሱ ነው።

«ምን ሆኖ?»

«ዛሬ ጠዋት ታሆንግ በልቶ። መጀመሪያ ከንፈሩ ደነዘዘ፣ ከዚያ እጁ። አሁን በማሽን ነው የሚተነፍሰው። ሚስቱን ‹ማስጠንቀቂያውን አላያችሁም?› ብላት ምን አለችኝ መሰለህ? ‹የቱን ማስጠንቀቂያ?›»

«እኔ እኮ... ይከፍቱታል ብዬ...»

«ብለህ! ገበያ ውስጥ አሁንም በጣሳ እየተሰፈረ ነው፤ አንተ ቁጭ ብለህ ሳቅ ትቆጥራለህ!»

ሳህኑን በክርኑ ገፍቶ ላፕቶፑን ይስባል። ያቺን የሚኮራባትን ርዕስ ፊደል በፊደል ያጠፋትና የኔን ይጽፋል። ትንሽ ያመነታና ከመጨረሻው አንድ ቃል ይጨምርበታል። «ታሆንግ ተመርዟል፣ አትብሉ፣ ይገድላል።»

ልክ ነው፣ እኔም አልደፈርኳትም ነበር ያቺን ቃል። ላመሰግነው ግን አልፈልግም። ልመታው ነው የምፈልገው።

ገጹ እንደገና ይከፈታል። ርዕሱ ተቀይሯል። ሳቁ ግን ባለበት ነው፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ቢጫ ፊቶች «ይገድላል» ከሚለው ሥር እየተንከተከቱ ነው።

ዳርዊን ቁጥሩን ሲነካው ስሞቹ ይዘረዘራሉ። ከሁሉም በላይ የማኖንግ ኤልፒዲዮ ስም አለ፤ ከአጠገቡ ያቺ ፊት፣ እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች።