ጢሙ እስኪለሰልስ

አዩብ ትኩሱን ፎጣ ከአባቱ ፊት ላይ ሊያነሳ ሲል በፀጉር ቤቱ በር ላይ የሴት ድምፅ ይሰማል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ አሕመድኑር!»

አባቱ ፎጣውን ራሳቸው ገፈው ቀና ይላሉ። «ወአለይኩም ሰላም፣ ጠይባ! ደህና ነሽ ወይ? ልጆቹስ? ከብቱስ? ከላላ ያሉት ዘመዶችሽ ምን አሉ?»

ከላላ ያሉት ብዙ ብለዋል። ጠይባ ጨርሳ ስትሄድ ፎጣው ቀዝቅዟል፤ ጢሙም ወደ ሽቦነቱ ተመልሷል።

«አባ፣ ቆዳው ካልሞቀ ምላጩ ይጎትታል አልኩዎት እኮ።»

«ታዲያ ሰላምታው ይደር ልበላት? ሪያድ ሰላምታ የለም?»

አዩብ ከፔርሙሱ ውሃ ይቀዳል። ሪያድ ከተማ አራት ዓመት ተቀጥሮ የሠራበት ፀጉር ቤት በሩ ዝግ ነበር። እዚህ መካነ ሰላም ላይ በር የሚዘጋ ሰው ወይ ታሟል ወይ ኮርቷል። አዩብ ተመልሶ የራሱን ፀጉር ቤት ከከፈተ ሁለት ወሩ ነው። ሁሉም በማሽን ይቆረጣል፤ ለምላጭ የተቀመጠለት አንድም የለም። «መጀመሪያ አባቱን ይላጭና እናያለን» ይላሉ፣ ተማክረው የመጡ ይመስል።

እንደገና ፎጣ። እንደገና ዘይት፣ በጣቱ ጫፍ እያሸ። ሳሙናውን በብሩሽ መትቶ አረፋውን ሲቀባቸው አባቱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ምላጩን ይዘረጋል፤ ቀጭ ይላል።

«ይሄነው! አንተ ይሄነው! በቅሎዋ ተሻላት?» ይላሉ አባቱ ዓይናቸውን ገልጠው።

ይሄነው በመንገዱ ማዶ ነበር የሚያልፈው፤ ወደዚህም አላየ። ተሻግሮ ይመጣና የበቅሎዋን እግር ከሰኮናው ጀምሮ ያስረዳል። አረፋው ይደርቃል።

«እርስዎ እኮ ነዎት የሚጠሯቸው!»

«ሰው አይቼ ዝም ብዬ ልለፍ?»

«ተቀምጠው ነው ያሉት አባ፣ ወዴት ነው የሚያልፉት?»

ለሦስተኛ ጊዜ ያጥባል፣ ያሞቃል፣ ይቀባል። ጥርሱን ነክሶ ምላጩን ወደ ጉሮሯቸው ያስጠጋል።

«ክንፈ!» ብለው ይጮኻሉ አባቱ።

የአዩብ እጅ አየር ላይ ይቀራል። ክንፈ፣ አባቱ በእርሻ ድንበር የተጣሏቸው ሰው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቀብር ላይ እንኳ ጀርባ የሰጧቸው። ሰውዬው ጋቢያቸውን ጨብጠው በሩ ላይ ደርቀዋል።

«እኔን ነው?»

«አንተን ነው። ግባ እንጂ።»

አዩብ አሁን ይገባዋል። አባቱ ከእሱ ምላጭ ክንፈን መርጠዋል።

ከወንበሩ ተነስተው መደገፊያውን መታ መታ ያደርጋሉ። «ና ተቀመጥ። ልጁ ጎበዝ ነው።»

«አንተስ?»

«የኔ ጢም ገና አልለሰለሰም።»

ክንፈ ምላጩን ያያሉ። አረፋ የለበሰውን ባላጋራቸውን ያያሉ። ጋቢያቸውን ምስማሩ ላይ ሰቅለው ይቀመጣሉ፤ ማንም ሳያዛቸው ራሳቸውን ወደ ኋላ ይጥላሉ።

አዩብ በፔርሙሱ የቀረችውን ጭላጭ ፎጣው ላይ ያፈሳል። ያሞቃል፣ ይቀባል። በሩ ላይ ማንም ሰላም አይልም።

ምላጩ የክንፈን አንገት ሲነካ፣ በመስታወቱ ውስጥ አባቱ ይታዩታል፤ አረፋው ጉንጫቸው ላይ ተሰነጣጥቆ፣ የገዛ ጉሮሯቸውን በእጃቸው ይዘው።